ዳይፐር የምንቀይርባት አምስት ደቂቃ

(በሕፃናት ማቆያ ባለቤቶች፣ ሞግዚቶችና ወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ ሞግዚቶች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ስትገቡ እያየኋችሁ ነበር። የማቆያ ባለቤቶች ከፊት ተቀመጡ፣ ወላጆች መሃሉን ያዙ፣ ሞግዚቶች ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ቀራችሁ። ማንም እንዲህ ተቀመጡ ብሎ አላዘዘም፤ እግራችሁ ራሱ ወሰዳችሁ። ይህን አቀማመጥ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «በማቆያ ውስጥ የጨቅላ ሕፃናትን እንክብካቤ ጥራት የሚወስኑ ጉዳዮች» ይላል። ከባድ ርእስ ነው፤ ገና ሲነበብ እንቅልፍ ያመጣል። እኔ በአንድ ጥያቄ ልተካው። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጁ በደንብ እየተያዘ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ የት ቆሞ ይመልከት? በሩ ላይ የተሣለው ዝሆን ዘንድ? መጫወቻ የተደረደረበት መደርደሪያ ዘንድ? ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሥራ ፈቃድ ዘንድ?

ዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ይቁም። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሳቃችሁ፤ ግድ የለም። ግን አስቡት። ሞግዚቷ ሕፃኑን ከማንሣቷ በፊት ፊቱን ታየዋለች ወይስ ከጀርባው መጥታ ብድግ ታደርገዋለች? «አሁን ላነሣህ ነው» ትለዋለች? እግሩን ራሱ እስኪያነሣ ትጠብቀዋለች ወይስ እንደ ዕቃ ታገላብጠዋለች? ዓይኗ እርሱ ላይ ነው ወይስ ከትከሻዋ በላይ እያየች ሌላ የሚያለቅስ ልጅ ትፈልጋለች? ያ ጠረጴዛ ሁሉን ይናገራል። ስንት ሕፃን እንደያዘች፣ ይህን ልጅ ለምን ያህል ጊዜ እንደምታውቀው፣ ማን እንዳሠለጠናት፣ ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛች።

ደግሞም ቁጥሩን ቁጠሩት። በማቆያ በሚውልበት ቀን አምስት ጊዜ ብቻ ቢቀየርለት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። ይህን ልጅ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ፊቱ አድርጎ ብቻውን ያገኘዋል። በማቆያ ውሎው ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ጊዜ የለውም። እኛ ግን «እርሱን ቶሎ ጨርሰን ወደ ትምህርቱ እንግባ» እንላለን። የቱ ትምህርት? ትምህርቱ ያው ነው!

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤሚ ፒክለር የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም በቡዳፔስት ወላጅ ለሌላቸው ጨቅላዎች ማሳደጊያ ከፈቱ። በዚያን ዘመን እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚያድጉ ሕፃናት እየጠገቡ እንኳ ይጠወልጉ ነበር። ሐኪሟ ለሞግዚቶቻቸው ያስተማሩት ሌላ ነገር ሳይሆን እጥበትን፣ ማልበስንና ማብላትን ነው። ልታደርጊው ያለሽውን አስቀድመሽ ንገሪው፣ መልሱን ጠብቂ፣ እጅሽ አይቸኩል። ይኸው ነው። በዚህ መሠረት ላይ ነው ያ ቤት በዓለም የታወቀው።

እኔ ግን ሥራ ስጀምር ይህን የነገረኝ አልነበረም። የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ሽርጥ ሰጡኝ፣ ወደ አንድ ክፍል አስገቡኝ፣ «እነዚህ ሰባቱ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። ሰባት! የመጀመሪያውን ቀይሬ ሳስተኛ ሁለተኛው አለቀሰ፤ ሁለተኛውን ሳበላ ሦስተኛዋ አስመለሰች። እስከ ምሳ ድረስ የአንዱንም ፊት አላየሁም። መቀመጫ ብቻ ነው ያየሁት። ይቅርታ አድርጉልኝና እውነቱ ይኸው ነው፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን የአንዳቸውም መልክ አልመጣልኝም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

እርሳስ ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። አንድ ሕፃን ዘጠኝ ሰዓት ማቆያ ይውላል እንበል። አምስት ጊዜ ዳይፐር፣ ሳይቸኮል አምስት አምስት ደቂቃ፤ 25 ደቂቃ። ሦስት ጊዜ ጡጦ ወይም ምግብ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፤ 60 ደቂቃ። ሦስት ጊዜ ማስተኛት፣ አሥር አሥር ደቂቃ፤ 30 ደቂቃ። ድምሩ 115 ደቂቃ፤ ሁለት ሰዓት ለመሙላት አምስት ደቂቃ የጎደለው። ማቀፍ አልጨመርኩም፣ መጫወት አልጨመርኩም፣ እጅ መታጠብ አልጨመርኩም።

ሦስት ሕፃናት ለያዘች ሞግዚት ይህ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ይተርፋታል፤ በዚያ ታቅፋለች፣ ታወራለች፣ ወለል ላይ ትቀመጣለች። ለአራት ሕፃናት ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፤ ይጠባል፣ ግን ይሆናል። ለስድስት ሕፃናትስ? አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ቀኑ ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው! ከማን ትወስደዋለች? ከማን ትሰርቀዋለች? ከአምስቷ ደቂቃ ነው የምትሰርቀው። አምስቷ ሁለት ትሆናለች። ጡጦው በትራስ ይደገፋል፤ ይህ ደግሞ ልጅን የሚያንቅ አደገኛ ነገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክፋት አይደለም። ስሌት ነው።

ስለዚህ አገሮች በሕግ የደነገጉት ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንግሊዝ ለሦስት ሕፃናት አንድ ሰው ትጠይቃለች፤ አውስትራሊያ ለአራት አንድ፤ ኒው ዚላንድ ለአምስት አንድ። እኔ በኒው ዚላንዱ አልስማማም፤ ስሌቱን አይታችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሰው ስድስት ሕፃን ቢይዝ፣ ስድስት ሰው ደግሞ አሥራ ስምንት ሕፃን ቢይዝ፣ በወረቀት ላይ እኩል ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ሰማይና ምድር ነው። አሥራ ስምንት ጨቅላ ባለበት ክፍል አንዱ ሲነቃ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ሌላውን ያስለቅሳል፣ ስድስቱ ሞግዚቶች እርስ በርሳቸው ይጯጯሃሉ። የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ ጠቅላላ ብዛትም ይቆጠር።

ባለቤቶች ሆይ፣ አሁን እናንተን ላስቀይም ነው። ተቆጣጣሪ የሚመጣበትን ሰዓት እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛም እናውቀዋለን። የምሳ ሰዓቱስ? ማቆያው የሚከፈትበት የመጀመሪያው ሰዓትስ? ወላጅ ያልመጣላቸው ልጆች በአንድ ሰው እጅ የሚሰበሰቡበት የማምሻው ሰዓትስ? ከወጥ ቤት የተጠራችውን ሠራተኛ እንደ ሞግዚት የቆጠርንበት ቀንስ? እኔ ራሴ በኋላ ክፍል ኃላፊ በሆንኩ ጊዜ ቆጥሬአታለሁ። ዝርዝሩ ላይ ስሟን በእጄ ነው የጻፍኩት።

በዚያው በሰባቱ ክፍሌ አንዲት የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። አታለቅስም። ሁላችንም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» እያልን እናመሰግናት ነበር። አልጋዋ ውስጥ ጣሪያውን እያየች ትውላለች። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፤ እርሷ የመጨረሻዋ ተመጋቢ፣ የመጨረሻዋ ተቀያሪ ነበረች። አንድ ቀን አንዲት አንጋፋ ሞግዚት ለእርዳታ መጣች፤ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ ይህች ጨዋ አይደለችም፤ ተስፋ ቆርጣ ነው» አለችኝ። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዓመታት በኋላ ነው የኤድዋርድ ትሮኒክን ሙከራ ያወቅሁት። እኚህ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ከሕፃናቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ድንጋይ እንዲያደርጉት ጠየቁ። ሕፃኑ ይስቃል፣ ይጠቁማል፣ ይጮኻል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ይሞክራል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይኮማተራል። በደቂቃዎች ውስጥ! የእኔዋ ሕፃን ስንት ቀን ሞክራ ይሆን እኔ ሳላያት?

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ቋሚነት።

ጨቅላ ሕፃን «ማቆያ» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጠረን ነው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ የአስተቃቀፍ ዓይነት። ከሰባትና ስምንት ወር በኋላማ የማያውቀው ሰው ሲያነሣው የሚያሳየውን ሁሉም እናት ታውቀዋለች። ታዲያ ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት ሌላዋ፣ ሰኞ ይህች፣ ማክሰኞ ያቺ ስናደርገው ምን እያልነው ነው? ሞግዚቷ ደግሞ የዚህ ልጅ የእንቅልፍ ለቅሶና የራብ ለቅሶ ልዩነቱ የሚገባት በስንተኛው ሳምንት ነው? በመጀመሪያው አይደለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ዋና ሞግዚት ይመደብለት፤ እርሷ ካለች ዳይፐሩን እርሷ ትቀይር፣ እርሷ ታብላ፣ እርሷ ታስተኛ። ከወላጁ ጋርም እርሷ ትነጋገር። የሥራ ፈረቃው በዚህ ዙሪያ ይሠራ እንጂ ልጁ በፈረቃው ዙሪያ አይዙር። ልጁም ሲያድግ ወደ ሌላ ክፍል በየስድስት ወሩ ከማዛወር፣ ቢቻል ሞግዚቷ አብራው ትለፍ።

አቀባበሉም እንዲሁ። በጀርመን የበርሊን ሥርዓት የሚባል አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅ ከልጁ ጋር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ መለያየት የሚባል ነገር የለም። በአራተኛው ቀን ለአጭር ጊዜ ይወጣል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሞግዚቷ ልታባብለው መቻሏና አለመቻሏ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚራዘመው በልጁ ልክ ነው፤ ለአንዱ ሳምንት፣ ለሌላው ሁለት ሦስት ሳምንት። እኛ ጋር? በር ላይ ተቀብለን «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ካየሽ አይተውም» ብለን እናቲቱን እናባርራለን። እናቲቱ መንገድ ላይ ታለቅሳለች፣ ልጁ ውስጥ ያለቅሳል፣ እኛ በሩን እንዘጋለን።

ስለ ቋሚነት እየሰበክሁ አንድ ነገር ብደብቅ ግብዝ እሆናለሁ። ያን የመጀመሪያ ሥራዬን በአሥራ አንደኛው ወር ለቅቄአለሁ። ጥቂት የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ፣ ዓርብ ነገርኩ፣ ሰኞ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ያቺ ዝምተኛ ሕፃን በዚያን ጊዜ እኔን ስታይ እጇን ትዘረጋ ጀምራ ነበር። ከአንጋፋዋ ምክር በኋላ ወራት ፈጅቶብኝ ነው ያንን ያገኘሁት። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም። ሕፃን ምን ያውቃል ብዬ።

ሦስተኛው ነገር ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ነው። «አትቀፊው፣ ታሞላቅቂዋለሽ»፤ «ይልቀስ፣ ሳንባው ይሰፋል»፤ «ከአሁኑ ካልተቀጣ አይሆንም»። ይህን ያልሰማ አለ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ከ1,300 በላይ ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ መከታተል የጀመረ ታላቅ ጥናት አለ፤ በብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም የሚመራ። ተመልካቾቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የቆጠሩት ምን መሰላችሁ? ሞግዚቷ ለሕፃኑ ድምፅ ስንት ጊዜ መለሰች፣ ስንት ጊዜ አወራችው፣ ስንት ጊዜ በፍቅር ዳሰሰችው። የ6 ወር ሕፃናትን ሲያዩ ይህ መልካም አያያዝ ከፍ ብሎ የተገኘው የቡድኑ ብዛት ባነሰበት፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ልጅ ባነሰበት፣ ክፍሉ ንጹሕና አስተማማኝ በሆነበት ነው። አንድ ነገርም ጨመሩ፤ ሞግዚቷ ልጅን በማዘዝና በመቅጣት ማሳደግ ይገባል የሚለውን እምነት ባልያዘችበት። እምነቷ እጇ ላይ ይታያል ማለት ነው። የስድስት ወር ሕፃን ሊያታልላችሁ አያለቅስም፤ ለተንኮል የሚሆን ጭንቅላት ገና አላበጀም። ለቅሶው ቃሉ ነው። ለቃሉ መልስ ያገኘ ልጅ ደግሞ ሲውል ሲያድር ለቅሶው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ንጽሕናንና እንቅልፍን በአጭሩ ላልፋቸው ነው፤ ቀላል ስለሆኑ ሳይሆን ስለሚታወቁ። ዳይፐር መቀየሪያውና ምግብ ማዘጋጃው አይገናኙ፤ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ እጅ ይታጠብ፣ የሕፃኑም እጅ ጭምር። የታለበ የእናት ጡት ወተት ስምና ቀን ይጻፍበት፣ በማይክሮዌቭ አይሞቅ፤ አንዱ ጎን ይበርድና ሌላው ጎን አፍ ያቃጥላል። ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ብርድ ልብስ ክምር፣ ያለ አሻንጉሊት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን የሚያስተምር ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወርዷል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ቤቱ በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን ማቆያ ሲመጣ በሆዱ ቢተኛ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ቤትና ማቆያ አንድ ቃል ይናገሩ።

አሁን ወደ አቀማመጣችሁ ልመለስ። ሦስት ብዬ ነበር፤ አራተኛው ከሦስቱ ሥር የተቀበረ ነው፤ ሞግዚቶችን ከኋላ ግድግዳ ያስደገፈውም እርሱ ነው። ደመወዝ።

በአምስት የአሜሪካ ከተሞች በ227 ማቆያዎች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት ነበር። አጥኚዎቹ ከሥራ ቦታ ሁኔታዎች ሁሉ የእንክብካቤን ጥራት አጥብቆ የሚያመለክት የትኛው ነው ብለው ፈለጉ። ያገኙት የሞግዚቶቹን ደመወዝ ነው። ዝቅተኛ በተከፈለበት ቤት ሠራተኛ ይለቃል፤ በጥናቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 41 የሚሆኑት ለቅቀዋል። ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ቋሚነቱ ይፈርሳል፤ ቋሚነቱ በፈረሰ ቁጥር ሕፃኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ ዓርብ ተናግሬ ሰኞ የሄድኩት ክፉ ሆኜ አልነበረም። ባለቤቱም ክፉ አልነበሩም፤ ወላጅ የሚከፍለው ያንኑ ያህል ነበር። ወላጁም ከዚያ በላይ አልነበረውም። ሦስታችንም ትክክል ነበርን፤ ሒሳቡን የከፈለችው የስምንት ወሯ ልጅ ነች።

ይህ ቀዳዳ በወላጅ ኪስ ብቻ አይደፈንም። በአራት ሕፃን አንድ ሰው የሚል ሕግ አውጥቶ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል የማይናገር መንግሥት፣ ደንቡ ወረቀት ላይ እንዲቀር ፈቅዷል ማለት ነው። የሰለጠነ ሰው ቅጠሩ ብሎ ለሥልጠናው ድጎማ የማያደርግም እንዲሁ።

ወላጆች፣ እናንተንም ሳልነካ አልወርድም፤ ከራሴ ልጀምር። ለልጄ ማቆያ ስፈልግ፣ ያን ጊዜ እኔ ሌሎችን የማሠለጥን ሰው ነበርኩ፣ የወደድኩት ቦታ ግድግዳው ላይ ደመና የተሣለበት ነው። ለስላሳ ሰማያዊ። አስተዳዳሪዋ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ፤ ሞግዚቶቹን አላየሁም፣ ስንት ጊዜ እንደቆዩም አልጠየቅሁም። ሁለት ወር ሙሉ «ደህና ነው» እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ ደህና ካልሆነ ሥራዬን ትቼ የት እገባለሁ? በአራት የአሜሪካ ግዛቶች በ400 ያህል ማቆያዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ከጨቅላዎች ክፍል ውስጥ ጥሩ ሆኖ ያገኘው ከመቶ 8ቱን ብቻ ነው፤ ከመቶ 40 የሚሆኑት ደካማ ነበሩ። በዚያው ጥናት ወላጆች ሲጠየቁ ከመቶ 90ው ልጃቸው ያለበትን «በጣም ጥሩ» አሉ። ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። ጥሩ መሆኑን የግድ ማመን ስለነበረባቸው ነው። እኔም እንደዚያው።

ስለዚህ ደመናውን ተዉት። «ልጄን ዋና የምትይዘው ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለምን ያህል ጊዜ እዚህ ሠራች? በምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ይቀራል? ቀጠሮ ሳልይዝ መምጣት እችላለሁ?» በሉ። ለመጨረሻው ጥያቄ ያመነታ ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ባለቤቶች፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ሽርጥ ልበሱና አንድ ሙሉ ቀን ዳይፐር ቀይሩ። ለፎቶ አይደለም። ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው፣ ምሳ ሰዓቱን ጨምሮ። ሰዓት ያዙ፤ አምስቷ ደቂቃ ስንት እንደሆነች ጻፉ። ከዚያ ስለ በጀት እንነጋገር።

ሰዓቴ አልቋል፤ አስተባባሪው እያየኝ ነው። ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማይክሮፎኑን የያዝከው ወንድሜ፣ ከፊት እንዳትጀምር፤ እባክህ ወደ መጨረሻው መደዳ ውሰደው።